የባንኮች የውጭ ብድርና የኢኮኖሚው ዑደት፦ የሚበደሩት በጥጋብ ነው በጭንቅ?

ጥያቄ | ሚዛን ለገሃር

ሰላም ለዚህ ቤት። ለአንድ የግል ባንክ የሪስክ ኮሚቴ የሚቀርብ ሰነድ ላይ አንድ ነገር አልጣጣም ብሎኛል። መጻሕፍቱ የባንኮች የውጭ ብድር ኢኮኖሚው ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሟሽሻል ይላሉ። እጄ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ግን ተቃራኒውን ያሳያል፤ ከሰኔ 2016 እስከ ሰኔ 2017 የባንኩ የውጭ ዕዳ 2.1 እጥፍ ሆኗል። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ባንክ በብድር ዕድገት ላይ የጣለው ጣሪያ አልተነሣም፣ ደንበኛውም «ገንዘብ የለም» ሲል ነው የከረመው። ጥጋብ የሚባል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ የእኛ ባንኮች የሚበደሩት ሲጨንቃቸው ነው ልበል? ደግሞስ የውጭ ብድሩ ነው ኢኮኖሚውን የሚያሞቀው ወይስ የሞቀው ኢኮኖሚ ነው ብድሩን የሚጠራው? ኮሚቴው «ምን እንከታተል?» ማለቱ ስለማይቀር ለእሱም የሚሆን መልስ ብታቀብሉኝ።

መልስ | ኖስትሮ

ድምዳሜ ላይ ከመድረስዎ በፊት ሰንጠረዡን ወደ ዶላር ይመልሱት። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ባንኮች ሂሳብ የሚዘጉት ሰኔ 23 ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ዓምድዎ ከለውጡ አንድ ወር በፊት፣ ሁለተኛው ከለውጡ አሥራ አንድ ወር በኋላ የተነሣ ፎቶ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ዶላሩ 57 ብር ግድም ነበር፤ በሁለተኛው ከ130 ብር በላይ። 10 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ የነበረበት ባንክ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር 570 ሚሊዮኑ 1.3 ቢሊዮን ብር ይሆንበታል፤ ወደ 2.3 እጥፍ ማለት ነው። የእርስዎ 2.1 እጥፍ ስለዚህ በዶላር ሲመነዘር 8 በመቶ ያህል ቅናሽ ነው። ባንኩ አልተበደረም፣ ከፍሏል። መጻሕፍቱ አልተሳሳቱም።

ይሄ ስሕተት በብር የተጻፈ የውጭ ዕዳ ባለበት ሁሉ አለ፤ የብሔራዊ ባንክን የገንዘብ ስታቲስቲክስ ወስደው ለሚሠሩም ይገጥማቸዋል። ብር በወደቀ ቁጥር «የውጭ ብድር አሻቀበ» የሚል ግራፍ ይወጣል።

ቀጥሎ «የውጭ ዕዳ» የሚለውን አንድ መስመር ይፈልጡት። ውስጡ ጠባያቸው የማይገናኝ አራት ነገሮች አሉ፦ ከልማት ፋይናንስ ተቋማት የተወሰደ የረጅም ጊዜ ብድር፣ የአጭር ጊዜ የንግድ ክሬዲት ላይን፣ ባንኩ ተቀብሎ የፈረመባቸው የዱቤ ኤልሲዎች (ባንክ ለውጭ ሻጭ በቀጠሮ ቀን እከፍላለሁ ብሎ የሚገባባቸው ሰነዶች)፣ እና የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ተቀማጭ። የመጨረሻው በውጭ ዕዳ ስም ይቀመጥ እንጂ ጠባዩ የቁጠባ ነው። አንዳንዴ ኮረስፖንደንት ባንክ (ውጭ አገር ክፍያ የሚያስፈጽምለት ባንክ) ዘንድ ያለው የባንኩ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ፣ ኖስትሮ የሚባለው፣ ከዜሮ በታች ወርዶ እሱም እዚሁ ይደመራል፤ ያኛው ብድር ሳይሆን የክፍያ ቀን ስሕተት ነው።

ወደ መንስኤና ውጤቱ ስመጣ፣ የውጭ ብድሩ ኢኮኖሚው ሽቅብ ሲወጣ ውጤት ነው፣ ቁልቁል ሲወርድ መንስኤ ይሆናል። 80 ብር ያበደረና 100 ብር ተቀማጭ ያለው ባንክ ይውሰዱ። ብድሩ በዓመት 25 በመቶ፣ ተቀማጩ 12 በመቶ ይደግ። በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ብድር 100፣ ተቀማጭ 112። በሁለተኛው 125 ለ125። በሦስተኛው ዓመት ብድር 156፣ ተቀማጭ 140። ያ የጎደለው 16 ብር ከየት ይምጣ? ተቀማጭ የሚያድገው በሰዉ ገቢ ልክ ነው፤ ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ሎተሪ አዘጋጅቶ፣ ወለድ ጨምሮ እንኳ በአንድ ሩብ ዓመት አይዘልም። ጎረቤት ባንክም ያው ሙቀት ውስጥ ስላለ የሚያበድረው ትርፍ የለውም። የቀረው በር ውጭ ነው። የንግዱ መሟሟቅ ደግሞ ገቢ ዕቃን ስለሚያበዛ ፍላጎቱ ራሱ በዶላር ይመጣል።

ኢኮኖሚው ሲወርድ ግን ተቀማጭ ይቆያል፤ የሚሄደው ያ 16 ብር ነው፣ የሚሄደውም በአንድ ጊዜ ነው። ባንኩ 156 ያበደረውን ወደ 140 ለማውረድ ጤነኛውንም ደንበኛ ብድር ይከለክላል። ለዚህ ነው የአይስላንድ ሦስት ትልልቅ ባንኮች፣ ግሊትኒር፣ ላንድስባንኪና ካውፕቲንግ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 በአንድ ሳምንት ግድም ተከታትለው የወደቁት። ሀብታቸው የአገሪቱን ጂዲፒ አሥር እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፤ አብዛኛው የተገነባው ከውጭ ገበያ በተለቀመ ገንዘብ ነው።

መልስ | ፍሰት

ኖስትሮ ስለ ብሩ ያለው ልክ ነው። ዑደቱ የአገር ቤት ብቻ አስመስሎ መተዉ ላይ ግን አልስማማም። አበዳሪውም የራሱ ዑደት አለው። የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 ከዜሮ አካባቢ አስነሥቶ ሐምሌ 2023 ላይ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው። «ሶፈር (የዶላር ብድር መነሻ የሆነው የአሜሪካ ገበያ ወለድ) ሲደመር 4» ብሎ የተዋዋለ ባንክ ውሉ ላይ አንድ ቃል ሳይቀየር ከ4 በመቶ ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ወለድ ከ9 በመቶ አለፈበት። አገር ቤት ሞቀም ቀዘቀዘም ይህን አያስቆመውም።

የዕዳው ዕድሜ ከመጠኑ በላይ ዋጋ አለው፤ የሚያሳጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደንቡ ራሱ ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአጭር ጊዜ የውጭ ብድርን ለባንኮች ስትለቅ የረጅሙን በፈቃድ አጥራ አቆየችው። ባንኮቹ በ90 ቀን ተበድረው ለፋብሪካ ግንባታ አበደሩ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ1993 የባንኮክ ዓለም አቀፍ የባንክ ማዕከልን ከፍታ የውጭ ገንዘብ እንዲገባ አደረገች። በአበዳሪዎቹ በኩል ባንኮች ምን ያህል ካፒታል ይያዙ የሚለው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ የመጀመሪያው የባዝል ስምምነት፣ ነበር፦ የበለጸጉት አገሮች ማኅበር አባል ባልሆነ አገር ለሚገኝ ባንክ እስከ አንድ ዓመት ለሚሰጥ ብድር 20 በመቶ፣ ከዚያ ለሚረዝም 100 በመቶ የሪስክ ክብደት ያዛል። አበዳሪው ለአጭሩ አንድ አምስተኛ ካፒታል ብቻ ስለሚይዝ አጭሩን በርካሽ ይሸጣል። ከዚያማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1997 የታይላንድ ገንዘብ ባት ወደቀ፤ ኮሪያም በዓመቱ መጨረሻ አይ.ኤም.ኤፍ. ደጅ ደረሰች። አበዳሪዎቹ በአንድነት ዕዳውን ለማራዘም የተስማሙት የአገሪቱ መጠባበቂያ ከተሟጠጠ በኋላ ነበር፤ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ የአጭር ጊዜ ዕዳ ከ1 እስከ 3 ዓመት ወደሚቆይ፣ መንግሥት ዋስ ወደሆነበት ወረቀት ተቀየረ።

ዕቁብ ቢሆን ኖሮ ዕጣ የወጣለት ጥሎ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። የ90 ቀን አበዳሪ ግን ዙሩ በዞረ ቁጥር ልውጣ ቢል የሚይዘው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2008ቱ ችግር ያችው ደቡብ ኮሪያ በሌላ መንገድ ተጎዳች። መርከብ ሠሪዎቹ ወደፊት የሚገባላቸውን ዶላር ዛሬ በፎርዋርድ (ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ዶላሩ ወደፊት በሚሰጥበት ውል) ለባንክ ሸጡ። ባንኩ በዚህ የያዘውን የምንዛሪ አደጋ ለመዝጋት ከውጭ ዶላር በአጭር ጊዜ ተበድሮ በስፖት፣ ማለትም በዕለቱ ዋጋ፣ ሸጠው። በባንኩ መዝገብ ሁሉም የተመጣጠነ ነው፤ ከኤክስፖርተሩ የሚጠብቀው ዶላር አለ፣ ከውጭ የተበደረው ዶላር አለ። የሚጠብቀው ግን በሁለትና በሦስት ዓመት የሚመጣ፣ ዕዳው በወራት የሚከፈል። ከአሜሪካው ባንክ ሌማን ብራዘርስ ውድቀት በኋላ መንግሥት ለባንኮቹ የውጭ ዕዳ እስከ 100 ቢሊዮን ዶላር ዋስትና ሰጠ፤ ከፌዴራል ሪዘርቭም የ30 ቢሊዮን ዶላር ስዋፕ (በአገር ገንዘብ ለጊዜው የሚለወጥ ዶላር) ተገኘ። ትምህርቱን የወሰዱት ዘግይተው ነው፣ ግን በደንብ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ተቀማጭ ባልሆነ የውጭ ምንዛሪ ዕዳ ላይ ቀረጥ ጣሉ፦ እስከ አንድ ዓመት ለሆነው 0.20 በመቶ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት 0.10፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት 0.05፣ ከዚያ በላይ 0.02። አጭሩን ውድ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

መልስ | የሰነድ ጠረጴዛ

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ትልልቅ ብድሮች ነው። ሰንጋ ተራ ፎቆች ውስጥ የውጭ ብድር በብዛት የሚገባው በዋና በር አይደለም፣ በኤልሲ ክፍል በኩል ነው። አንድ የዱቤ ኤልሲ ልከተል።

የመርካቶ አስመጪ የ500 ሺህ ዶላር የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ በ180 ቀን ዱቤ ያዛል። ባንኩ ኤልሲ ይከፍታል። ሻጩ የእኛን ባንክ ስለማያውቅ አንድ የውጭ ባንክ ያረጋግጥለታል፤ ለዚያም በየሩብ ዓመቱ የሚሰላ ኮሚሽን አለ። ዕቃው ተጭኖ ሰነድ ሲቀርብ አረጋጋጩ ባንክ ለሻጩ ወለዱን ቀንሶ ወዲያው ይከፍላል። የእኛ ባንክ ሰነዱን ተቀብሎ የክፍያውን ቀን ይፈርማል። እስከዚያች ፊርማ ድረስ ጉዳዩ ከባንኩ የሂሳብ ሚዛን ውጭ ያለ ግዴታ ነበር፤ ከዚያች ቀን ወዲያ የስድስት ወር የውጭ ዕዳ ነው። ማንም «ብድር» ብሎ አልጠራውም፣ የብድር ኮሚቴም እንደ ውጭ ብድር አላየውም።

ችግሩ የሚፈጠረው ብሩ መቼ ይሰበሰባል በሚለው ላይ ነው። ባንኩ ሰነድ እንደደረሰ በዕለቱ ምንዛሪ ብሩን ተቀብሎ እስከ 180ኛው ቀን ካስቀመጠው የምንዛሪው አደጋ የባንኩ ነው። በ57 ሒሳብ 28.5 ሚሊዮን ብር ይይዛል፤ በመክፈያው ቀን 115 ላይ ቢገኝ 57.5 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። በመክፈያው ቀን ብቻ የሚሰበስብ ከሆነ አደጋው ወደ ደንበኛው ይዞራል። ደንበኛው ግን ዕቃውን በሁለት ወር ውስጥ በድሮው ዋጋ ሸጦ ብሩን ሌላ ዕቃ ላይ አውሎታል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ዞሮ ዞሮ ባንኩ ዘንድ የተበላሸ ብድር ሆኖ ይመጣል። የባንኩን የውጭ ምንዛሪ ሀብትና ዕዳ ልዩነት የሚያሳየው ኦፕን ፖዚሽን ሪፖርት ዜሮ ይላል፣ አደጋው ብድር ክፍል ተደብቋል። በዶላር ተበድሮ፣ በዶላር አበድሮ፣ ተበዳሪው ገቢው በብር የሆነበት ሁሉ እንደዚሁ ነው። ባንክ ለማቋቋምና ለማስቀጠል የተጠየቀው የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ነው፤ 20 ሚሊዮን ዶላር ያልተሸፈነ ዕዳ ከ57 ወደ 115 ሲሄድ 1.16 ቢሊዮን ብር ኪሳራ ነው፤ የካፒታሉን 23 በመቶ ይበላል።

ኢኮኖሚው ሲዞር ደግሞ የውጭ ባንኮች የሰጡት የዱቤ መስመር በአንድ ቀን አይዘጋም። መጀመሪያ ኮሚሽኑ ይወደዳል። ከዚያ 180 የነበረው 90 ቀን ይሆናል። ከዚያ 30 በመቶ፣ 50 በመቶ ጥሬ ገንዘብ አስይዙ ይላሉ። በመጨረሻ መቶ በመቶ ሽፋን ይጠየቃል፤ ያኔ መስመሩ በስም አለ፣ ብድር ግን አይደለም። አገሪቱ በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንድ ወለድ ሳትከፍል ስትቀር የባንኮቹ የራሳቸው ጥፋት አልነበረበትም። የውጭ አበዳሪ ግን ባንክን ከአገሩ ደረጃ አስበልጦ አይመዝንም።

ሚዛን ለገሃር

ስለ ብሩ የተባለውን አሁኑኑ አስተካክላለሁ፤ ከማፈሬ በፊት ስለተነገረኝ ደስ ብሎኛል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። በ14 በመቶ የብድር ጣሪያ ውስጥ የነበረ ኢኮኖሚ ሞቀ ቀዘቀዘ የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ከልማት ተቋም ለ5 ዓመት የተወሰደ ብድርስ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው?

መልስ | ኖስትሮ

በብድር ዕድገት አይለኩት። ጣሪያው ከነሐሴ 2015 ጀምሮ 14 በመቶ ነበር፣ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 ከፍ አለ። ሲጣል የዋጋ ንረቱ ከ20 በመቶ በላይ ስለነበር በእውነተኛ ዋጋ ብድር እየጠበበ ነበር ማለት ነው። ጣሪያ ባለበት የብድር ዕድገት የደንቡን ቁጥር ያሳይዎታል እንጂ የገበያውን ፍላጎት አያሳይዎትም። ለብር ብድር ሲል ከውጭ የሚበደርም አይኖርም፣ ምክንያቱም ቢያገኘውም ሊያበድረው አይችልም። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የመጽሐፉ ግንኙነት ቢደበዝዝ አይግረምዎ።

በምትኩ በዶላር የተሰላ የገቢ ዕቃ መጠንን ይውሰዱ፤ ነዳጅን፣ ማዳበሪያንና አውሮፕላንን አውጥተው። የእነዚህ ግዢ የመንግሥትና የአየር መንገድ ውሳኔ ነው እንጂ የዑደት ምልክት አይደለም። የቡናው ወቅት በየዓመቱ ዶላር ስለሚያመጣ የሩብ ዓመት ቁጥር ሲያወዳድሩ ካለፈው ሩብ ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋር ይሁን።

ጂዲፒን በሆድሪክ ፕሬስኮት ማጣሪያ (ዑደትን ከረጅም ጊዜ አዝማሚያ በሚለይ ስሌት) ለማጥለል ካሰቡ፣ በዓመታዊ ጂዲፒ ሲሠሩ ለሩብ ዓመት የሚሠራበትን የማለስለሻ ቁጥር 1600 እንዳይጠቀሙ። ለዓመታዊ 6.25 ወይም 100 ነው የሚያዘው። በሁለቱም ይሥሩና ውጤቱ ከተገለባበጠ ሰነዱ ውስጥ አያስገቡት። የማጣሪያው መጨረሻ ሁልጊዜ ይዋሻል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ቀጣዩ ዓመት ሲጨመር ይለወጣሉ፤ ኮሚቴው ደግሞ የሚጠይቀው ስለ እነሱ ብቻ ነው።

ለውጭ ብድሩ የተሻለው ምንጭ ከአበዳሪው በኩል ያለው ነው። ባዝል የሚገኘው የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ በየሩብ ዓመቱ በየአገሩ ያሉ ባንኮችና ባንክ ያልሆኑ ተበዳሪዎች ምን ያህል እንዳለባቸው በዶላር ያወጣል። የምንዛሪ ለውጥ ተቀንሶለት የተስተካከለውን የፍሰት ዓምድ ይምረጡ፤ የቀሪ ሂሳብ ልዩነት እየቀነሱ ራስዎ እንዳያሰሉ፣ ዩሮ ከፍና ዝቅ ሲል እንደ ብድር ይቆጥርብዎታል።

መልስ | የሰነድ ጠረጴዛ

የ5 ዓመቱን በተመለከተ፦ ነፃ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ይኖረዋል፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ ይከፈላል። አራተኛው ዓመት ሲያልቅ የቀሩት ሁለት ክፍያዎች የአጭር ጊዜ ዕዳ ናቸው። የሚታየው ሲፈረም የነበረው ዕድሜ ሳይሆን ዛሬ የቀረው ዕድሜ ነው።

ሌላው ውሉ ውስጥ ያሉት ግዴታዎች ናቸው። የተበላሸ ብድር ከዚህ መቶኛ አይለፍ፣ የካፒታል ብቃት ከዚህ አይውረድ፣ አንድ ተበዳሪ ከካፒታሉ ከዚህ በላይ አይውሰድ ይላሉ። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የተበላሸ ብድር ይጨምራል፣ ገደቡ ይጣሳል፣ አበዳሪውም ሙሉውን አሁን ክፈሉ የማለት መብት ያገኛል። የሦስት ዓመት ቀሪ ዕድሜ ያለው ዕዳ በአንድ ደብዳቤ የዛሬ ይሆናል። አብዛኞቹ አበዳሪዎች ይታገሣሉ፣ ግን የይቅርታ ደብዳቤው መገኘት ያለበት ሂሳብ ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ ከሰኔ 23 በኋላ የመጣ ደብዳቤ የዚያን ዓመት የዕዳ ክፍያ ሰንጠረዥ አያድንም። ገደቡ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ሚያዝያ ላይ መጻፍ ነው።

ለኮሚቴው አንድ ገጽ ብቻ ይስጧቸው። በ90 ቀን፣ በ180 ቀንና በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈል የውጭ ዕዳ በዶላር፤ ፊት ለፊቱ በዚያው ጊዜ በእርግጠኝነት የሚገባ ዶላር፣ የኤክስፖርተሩ የራሱ ሂሳብ ሳይጨመር፤ የእሱ ዶላር ባንኩ ዘንድ ተቀምጧል እንጂ የባንኩ አይደለም። ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ዕዳ ካለባቸው ደንበኞች ውስጥ የዶላር ገቢ የሌላቸው ድርሻ። ከዚያ ባለፉት አራት ሩብ ዓመታት ከእያንዳንዱ አረጋጋጭ ባንክ የተሰጠ የቀን ርዝመት፣ ኮሚሽንና የተጠየቀ መያዣ። ይህን የመጨረሻውን ትሬዠሪ (የባንኩን ገንዘብ የሚያስተዳድረው ክፍል) ላያውቀው ይችላል፤ የኤልሲ ክፍሉ የስዊፍት መልእክቶች ውስጥ ነው ያለው፣ ከዚያ በእጅ መልቀም ነው።

ፍሰት

በዚያው ገጽ ላይ አንድ ዓምድ ልጨምር፦ ወለዱ ተንሳፋፊ የሆነው ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ ሶፈር በ1 በመቶ ሲጨምር በዓመት ስንት ዶላር እንደሚያስከፍል። 20 ሚሊዮን ላይ 200 ሺህ ዶላር ነው። የዋናው ክፍያ ቀን ሳይደርስ መገኘት ያለበት ዶላር ስለሆነ ከ90 ቀኑ ዓምድ ውስጥ እንዳይረሳ።